1234567890ን ፈትቶ ማየት፦ አንድን ትልቅ ቁጥር በእርሳስና በወረቀት የመመርመር አሠራር

ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ተጽፎ ቢሰጠውና «ስለዚህ ቁጥር የምታውቀውን ሁሉ ንገረኝ» ቢባል፣ አብዛኛው ሰው ወዲያው ማካፈል ይጀምራል። በ3 ይሞክራል፣ በ7 ይሞክራል፣ በ13 ይሞክራል። ስድስተኛው ላይ ይሰለቸውና «ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ወረቀቱን ይገፋል። ስንፍና አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ስለ ተዛባበት ነው። ትልቅ ቁጥር ብዙ ማካፈል አይፈልግም፤ የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ይፈልጋል።

ለማሳያ የመረጥኩት 1234567890ን ነው። አንደኛ ማንም አይረሳውም። ሁለተኛ ከላይ ሲያዩት የዋህ ነው፤ ዜሮው፣ ተጋማሽነቱ፣ የአኃዞቹ ሰልፍ ሁሉ «በቀላሉ እፈታለሁ» የሚል ይመስላል። ውስጡ ግን ግትር ነው፤ ግትርነቱ ደግሞ አንድ ያማረ ዘዴ ያስተምራል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ቢያንስ አሥር አኃዝ የሚያሳይ ካልኩሌተር ነው። ስምንት አኃዝ ብቻ የሚያሳየው ትንሹ ካልኩሌተር እዚህ አይበቃም።

አንደኛ፦ ቁጥሩን መገልበጥና መታወቂያ ማውጣት

ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ በሦስት በሦስት ከፍለው ይጻፉ፦ 1 234 567 890። ይህ ለዓይን ብቻ ሳይሆን በኋላ ለሚመጣው ሥራም ያገለግላል። ቀጥለው ከጎኑ ሁለት መቆጣጠሪያዎች ይጻፉ።

የመጀመሪያው የአኃዞቹ ድምር ነው፤ እዚህ 45። ሁለተኛው ተቀያያሪ ድምር ነው፦ ከአንድ ቤት ተነሥተው አንዱን ይደምሩ፣ ቀጣዩን ይቀንሱ፣ እንዲሁ እያሉ ይጨርሱ። 0 − 9 + 8 − 7 + 6 − 5 + 4 − 3 + 2 − 1 = −5 ይሆናል። ሁለቱ ለምን እንደሚያስፈልጉ ልንገርዎ። ሲገለብጡ አንድ አኃዝ ቢሳሳቱ ድምሩ ብዙውን ጊዜ ያጋልጥዎታል፤ ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ቢቀያየሩ ግን ድምሩ ያው ነው፣ ምንም አይነግርዎትም። ተቀያያሪው ድምር ያንን ይይዛል። እኔ ራሴ በዚሁ ሥራ መካከል የምናገኘውን 13717421ን አንድ ምሽት 13714721 ብዬ ገልብጬ፣ ድምሩ በሁለቱም 26 ስለ ሆነ ደኅና ነኝ ብዬ፣ የሌላ ቁጥር አካፋይ ስፈልግ አመሸሁ። ተቀያያሪ ድምሩን ብሠራው የመጀመሪያው −8፣ የተሳሳተው −2 ይሰጠኝ ነበር።

አሁን መጠኑን ይለኩ። የቁጥሩ ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው) ከ35136 ትንሽ ይበልጣል፤ 35136² = 1234538496 ሲሆን 35137² = 1234608769 ነው፣ የእኛ ቁጥር በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ይህን መፈተሽ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ በዜሮ የሚያልቅ የካሬ ቁጥር የዜሮዎቹ ብዛት ሁልጊዜ ተጋማሽ ነው፣ እዚህ ያለው ዜሮ ግን አንድ ብቻ ነው። 35136ን ግን ይያዙት፦ ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ከዳግም ዘሩ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ አለው። ስለዚህ 35136 የፍለጋው ጣሪያ ነው። ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ደግሞ የሚቀጥለው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፦ ከፊቱ የሚነበበውን ማንበብ

የአንድ ቤቱ 0 ስለ ሆነ በ2ም በ5ም ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 90 ናቸው፤ 90 በ4 ስለማይካፈል ሙሉው ቁጥርም በ4 አይካፈልም። ስለዚህ 2 አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። የመጨረሻው 0፣ ከእሱ በፊት ያለው 9 ስለ ሆነ በ25 አይካፈልም፤ 5ም አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል።

ድምሩ 45 በ9 ይካፈላል፤ ቁጥሩም እንዲሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ 10ም 100ም 1000ም በ9 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አኃዝ የትኛውም ቤት ላይ ቢቀመጥ የሚያዋጣው ቀሪ ራሱን ነው። በዚህም የተነሣ ከ1 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች እንደ ፈለጉ አደበላልቀው ቢጽፏቸው የሚወጣው ቁጥር በ9 መካፈሉ አይቀርም። 11 ላይ ደግሞ 10 ከ11 በአንድ ስለሚያንስ ምልክቱ ተራ በተራ ይቀያየራል፤ ያ ተቀያያሪ ድምራችን ነው። −5 በ11 ስለማይካፈል 11 ከአካፋዮቹ ውስጥ የለም።

በ27ስ? እዚህ የሦስት በሦስት አከፋፈሉ ያገለግላል። 999 = 27 × 37 ስለ ሆነ፣ ባለ ሦስት አኃዝ ክፍሎቹን መደመር ለሁለቱም ይፈርዳል፦ 890 + 567 + 234 + 1 = 1692፤ እንደገና 692 + 1 = 693። 693 በ27 ሲካፈል 18 ይቀራል፣ በ37 ሲካፈል 27 ይቀራል። ስለዚህ 3 ሁለት ጊዜ ይገባል እንጂ ሦስተኛ የለም፤ 37ም የለም።

ያገኙትን ወዲያው ያውጡት። በ10 ሲካፈል 123456789፣ ያም በ9 ሲካፈል 13717421። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

1234567890 = 2 × 3² × 5 × 13717421

የአዲሱ ቁጥር ዳግም ዘር በ3703 እና በ3704 መካከል ነው። ጣሪያው ከ35136 ወደ 3703 ወረደ። ትንንሾቹን አካፋዮች ሳያወጡ ትልቁን ቁጥር በ17 በ19 ማካፈል የጀመረ ሰው አሥር እጥፍ ከፍ ያለ ጣሪያ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛ፦ የተረፈውን እስከ 61 መፈተሽ

አሁን እጃችን ላይ ያለው 13 717 421 ነው። ሌላ ውብ ቁጥር 1001 ነው፤ 7 × 11 × 13 ስለ ሆነ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ይፈትሻል። ባለ ሦስት አኃዝ ክፍሎቹን እየደመሩ እየቀነሱ፦ 421 − 717 + 13 = −283። ምልክቱን ይተዉትና 283ን ያካፍሉ፤ በ7 ቀሪው 3፣ በ11 ቀሪው 8፣ በ13 ቀሪው 10 ነው። ሦስቱም አያካፍሉትም። 37ም እንደማያካፍለው ከላይ አይተናል።

የቀሩት 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 59 እና 61 ናቸው። እነዚህን በካልኩሌተር አንድ በአንድ ያካፍሉ። ቀሪውን ለማወቅ ከድርሻው ላይ ከነጥብ በኋላ ያለውን አይመኑ፤ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ይዘው በአካፋዩ መልሰው ያባዙና ይቀንሱ። ለምሳሌ በ17 ሲካፈል ድርሻው 806907 ከምናምን ነው፤ 806907 × 17 = 13717419፤ ቀሪ 2። በ19 ቀሪው 10፣ በ23 ቀሪው 14፣ በ29 ቀሪው 15 ነው። በ47 ሲደርሱ ልብ ይሰቀላል፦ 47 × 291860 = 13717420። አንድ ብቻ ተረፈ። አንድም ቢሆን ግን ቀሪ ነው፤ አይካፈልም። በ61 ቀሪው 46 ነው።

እዚህ ያቁሙ። ለምን 61 ላይ እንዳልኩ ስድስተኛው ላይ ይገለጥልዎታል። ግትር ሆነው በዚሁ መንገድ ቢቀጥሉ ምን እንደሚጠብቅዎት ግን አሁኑኑ ልናገር፦ 500ኛው ብቸኛ ቁጥር 3571 ነው፣ እሱም አያካፍለውም። እስከዚያ ድረስ አምስት መቶ ጊዜ «አይካፈልም» ብለው ይጽፋሉ።

አራተኛ፦ ሳይፈቱ መፍረድ

አምስት መቶ ጊዜ ከማካፈል በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይህ ቁጥር ጭራሽ የሚካፈል ነው ወይ? ብቸኛ ቁጥር ከሆነ አካፋይ መፈለግ ከንቱ ነው። ደግነቱ አካፋዩን ሳያውቁ «ብቸኛ አይደለም» ብሎ በእርግጠኝነት መፍረድ ይቻላል።

ዘዴው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በደብዳቤ ከገለጸው እውነት የመጣ ነው፦ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነና 2ን ከራሱ በአንድ በሚያንስ ርቢ አንሥተን በዚያው ቁጥር ብናካፍል፣ ቀሪው ሁልጊዜ 1 ነው (ቁጥሩ ራሱ 2 ካልሆነ በስተቀር)። ቀሪው 1 ካልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፤ ይግባኝ የለውም።

በትንሽ ቁጥር ላይ እናድርገው፤ 91 ይሁን። ብዙ ሰው ብቸኛ ቁጥር ይመስለዋል። 2⁹⁰ ሃያ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ እሱን መጻፍ ግን አያስፈልግም። ካሬ እያደረጉ በየደረጃው በ91 እያካፈሉ ቀሪውን ብቻ ይያዙ፦

2¹ → 2
2² → 4
2⁴ → 16
2⁸ → 256፣ ቀሪው 74
2¹⁶ → 74 × 74 = 5476፣ ቀሪው 16
2³² → 16 × 16 = 256፣ ቀሪው 74
2⁶⁴ → ቀሪው 16

90 = 64 + 16 + 8 + 2 ስለ ሆነ የእነዚህን አራቱን ቀሪዎች ያባዙ። 16 × 16 = 256፣ ቀሪው 74፤ 74 × 74፣ ቀሪው 16፤ 16 × 4 = 64። የመጨረሻው ቀሪ 64 ነው፤ 1 አይደለም። ስለዚህ 91 ብቸኛ አይደለም፤ 7 × 13 መሆኑን ሳናይ ፈረድን።

በ13717421 ላይም አሠራሩ ያው ነው፤ ካሬ የማድረጉ ሥራ 23 ጊዜ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መካከል ላይ የሚመጡት ብዜቶች እስከ አሥራ አምስት አኃዝ ይደርሳሉ፣ ካልኩሌተሩ ያንን ያህል ካልያዘ የመጨረሻዎቹን አኃዞች በዝምታ ይጥላቸዋል። ሙሉ ቁጥርን ያለ ገደብ የሚይዝ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ፓይተን የተጫነበት ኮምፒውተር፣ ቢኖርዎ በዚህ ደረጃ ላይ ይጠቀሙበት። ሲጨርሱ ቀሪው 1 እንዳልሆነ ያያሉ። ማለትም 13717421 ይፈታል፤ አካፋይ አለው፣ ያለበትን ብቻ አናውቅም።

የዚህ ፈተና ፍርድ አንድ ወገን ላይ ብቻ ነው የሚጸናው። ቀሪው 1 ሲሆን «ብቸኛ ነው» ማለት አይቻልም። 341 = 11 × 31 ነው፤ ነገር ግን 2³⁴⁰ በ341 ሲካፈል 1 ይቀራል። 561 = 3 × 11 × 17 ደግሞ ይብሳል፤ በ2 ፈንታ በማንኛውም ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ በሌለው ቁጥር ቢፈትኑት ያታልላል። ለዚህ ነው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ጠበቅ ያለውን የሚለር እና ራቢን ፈተና የሚጠቀሙት። ከ2⁶⁴ ለሚያንስ ቁጥር ሁሉ ያንን ፈተና ከ2 እስከ 37 ባሉት አሥራ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ማድረግ ያለ ምንም ጥርጥር ይፈርዳል።

አምስተኛ፦ በካሬዎች ልዩነት መያዝ

ወደዚህ ቁጥር የሳበኝ ይህ ደረጃ ነው። ማንኛውም ብቸኛ ያልሆነ ኢተጋማሽ ቁጥር የሁለት ካሬዎች ልዩነት ሆኖ ይጻፋል፤ ሁለት አካፋዮቹን ቢወስዱ አማካያቸው አንዱ ቁጥር፣ የልዩነታቸው ግማሽ ሌላው ነው። 15 = 3 × 5 ነው፤ አማካይ 4፣ የልዩነቱ ግማሽ 1፤ 4² − 1² = 15። ስለዚህ አካፋይ ከመፈለግ ካሬ መፈለግ ይቻላል። ይህም የፌርማ ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዳግም ዘሩ ከፍ ብሎ ካለው የመጀመሪያ ሙሉ ቁጥር ይነሡ፤ ካሬ ያድርጉት፤ ቁጥራችንን ይቀንሱለት፤ የተረፈው የአንድ ሙሉ ቁጥር ካሬ ከሆነ ጨርሰዋል። ካልሆነ በአንድ ከፍ ይበሉ።

3704² = 13719616። ሲቀነስ 13717421፣ 2195 ይተርፋል። ዳግም ዘሩን መጫን አያስፈልግም፦ በ5 የሚያልቅ ካሬ ሁልጊዜ በ25 ነው የሚያልቀው፣ 95 ሊሆን አይችልም። ወድቋል።

3705² = 13727025። ሲቀነስ 13717421፣ 9604 ይተርፋል።

9604ን ትንሽ ይዩት። 100² ከሆነው 10000 ጥቂት ያንሳል፤ በ4 ያልቃል። 98 × 98 = 9604።

ስለዚህ 13717421 = 3705² − 98² = (3705 − 98) × (3705 + 98) = 3607 × 3803። በማካፈል መንገድ ከአምስት መቶ ሙከራ በላይ የሚወስደውን በሁለተኛው ሙከራ ያዝነው። መጀመሪያ ስሠራው ስህተት ሠርቼ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አባዛሁት።

ፌርማ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1643 በዚህ ዘዴ የፈታው ምሳሌ 2027651281 ነው። ከ45030 ተነሥቶ በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ 45041² − 1020² ላይ ደረሰ፤ አካፋዮቹም 44021 እና 46061 ናቸው። መሞከር ለሚፈልግ ጥሩ ልምምድ ነው።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ዕድል ረድቶናል። ዘዴው የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው፤ የእኛዎቹ የሚራራቁት በ196 ብቻ ነው። አንዱ ትንሽ ሌላው በጣም ትልቅ ቢሆኑ ሙከራው ማለቂያ አይኖረውም። ስለዚህ ሦስተኛውና አምስተኛው ደረጃ ይደጋገፋሉ፦ ማካፈል ትንንሾቹን ይለቅማል፣ የካሬ ዘዴ ተቀራራቢዎቹን ይይዛል። ከሁለቱም የሚያመልጥ ቁጥር ለኮምፒውተርና ለከበዱ ዘዴዎች የሚተው ነው። እነሱም ወሰን አላቸው፤ አርኤስኤ-250 የተባለው ባለ 250 አኃዝ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 ሲፈታ የወሰደው ስሌት አንድ የኮምፒውተር ኮር ብቻውን ቢሠራው 2700 ዓመት ያህል ይፈጅበት ነበር።

ስድስተኛ፦ ማረጋገጥ

3607 እና 3803 ብቸኛ ናቸው? የ3607 ዳግም ዘር ከ60 ትንሽ ይበልጣል፣ የ3803 ከ61 ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱንም እስከ 61 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መፈተሽ ይበቃል። ግን ይህን ሥራ ሦስተኛው ላይ ጨርሰነዋል! ከ61 የማይበልጥ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር 13717421ን እንደማያካፍል አይተናል፤ አባቱን የማያካፍል ልጁን ሊያካፍል አይችልም። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። በ61 ላይ ያስቆምኩዎት ለዚህ ነበር። በሌላ ቁጥር ላይ ሲሠሩ ጣሪያውን አስቀድመው ስለማያውቁ፣ መጀመሪያ እስከ መቶ ድረስ መፈተሽ ጥሩ ልማድ ነው፤ የሚያገኟቸው አካፋዮች ከአሥር ሺህ ካነሱ ያለ ተጨማሪ ሥራ ብቸኛነታቸው ይረጋገጣል።

ብዜቱንም በ9 ይቆጣጠሩት። የ3607 ድምር 16፣ ከዚያ 7፤ የ3803 ድምር 14፣ ከዚያ 5፤ 7 × 5 = 35፣ ከዚያ 8። የ13717421 ድምር 26፣ ከዚያ 8። ይገጥማል። አሁን በድፍረት ይጻፉ፦

1234567890 = 2 × 3² × 5 × 3607 × 3803

ሰባተኛ፦ ፍሬውን መልቀም

ከዚህ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ያች አንድ መስመር ከተጻፈች ሌላው ሁሉ ከእሷ ይቀዳል።

ስንት አካፋዮች አሉት? እያንዳንዱ አካፋይ 2ን ይዞ ወይም ትቶ፣ 3ን ትቶ ወይም አንዴ ወይም ሁለቴ ይዞ፣ ሌሎቹን ሦስቱን እያንዳንዳቸውን ይዞ ወይም ትቶ የሚሠራ ነው። 2 × 3 × 2 × 2 × 2 = 48 አካፋዮች።

ድምራቸውስ? ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የርቢዎቹን ድምር ይውሰዱና ያባዙ፦ (1 + 2) × (1 + 3 + 9) × (1 + 5) × (1 + 3607) × (1 + 3803)። ይህም 3 × 13 × 6 × 3608 × 3804 = 3211610688 ነው። ቁጥሩን ራሱን ሲቀንሱ የቀሩት አካፋዮች ድምር 1977042798 ይሆናል። ከቁጥሩ ይበልጣል፤ ስለዚህ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን ከሚያክሉት እንደ 6 እና 28 ካሉት ቁጥሮች ወገን አይደለም፣ አካፋዮቹ ከሚበልጡት ወገን ነው።

ከ1 እስከ 1234567890 ካሉት ውስጥ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? ከእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር አንድ ይቀንሱ፤ የተደጋገመው 3 ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀነስለት፣ ሌላው 3 እንዳለ ይቆማል። 1 × (2 × 3) × 4 × 3606 × 3802 = 329040288። ከጠቅላላው ሲሰላ ከ26 በመቶ ተኩል በላይ ነው። መልስዎ ከ4/15 ትንሽ ብቻ ማነስ አለበት፤ ከዚያ ከራቀ ማባዛቱ ላይ ተሳስተዋል።

ስምንተኛ፦ ካሬዎቹን መጠየቅ

ይህ ደረጃ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ስለምወደው አልዘለውም።

ቁጥሩ የሁለት ካሬዎች ልዩነት ይሆናል? አይሆንም። በ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ካሬ ሁሉ በ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ወይም 1 ስለ ሆነ ልዩነታቸው 2 ሊቀረው አይችልም። አምስተኛውን ደረጃ በዋናው ቁጥር ላይ ሞክሮት የነበረ ሰው ቢኖር እስከ ዓለም ፍጻሜ ባላገኘ ነበር፤ 2ን አስቀድሞ ማውጣት ያስፈለገው ለዚህም ነው።

የሁለት ካሬዎች ድምርስ? እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፦ በ4 ሲካፈል 3 የሚቀረው ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ተጋማሽ ጊዜ መግባት አለበት። 3 ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ ደኅና ነው። 3607 ግን በ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ የገባውም አንድ ጊዜ ነው። 3803ም እንዲሁ። ስለዚህ አይሆንም።

የሦስት ካሬዎች ድምር ግን ይሆናል። የሒሳብ ሊቁ ሌዣንድር እንዳረጋገጠው የማይሆኑት 4ን ደጋግመው ካወጡላቸው በኋላ በ8 ሲካፈሉ 7 የሚቀራቸው ብቻ ናቸው፤ የእኛ ቁጥር በ8 ሲካፈል 2 ይቀራል። እንደሚሆን ማወቅና ሦስቱን ማግኘት ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ለማግኘት ከዳግም ዘሩ ከ35136 ወደ ታች እየወረዱ፣ የተረፈው የሁለት ካሬዎች ድምር መሆን አለመሆኑን ከላይ ባለው ሕግ ይፈትሹ። 35136 ሲሞከር 29394 ይተርፋል፣ 23 እና 71 አንድ አንድ ጊዜ ገብተውበታል፤ ወደቀ። 35135 ሲሞከር 99665 ይተርፋል፣ ውስጡ 31 አለ፤ ወደቀ። 35134 ሲሞከር የሚተርፈው 169934 ግማሹ በ4 ሲካፈል 3 ይቀረዋል፤ ወደቀ። 35133 ሲሞከር 240201 ይተርፋል፤ ይህም 3² × 13 × 2053 ነው፣ 13ም 2053ም በ4 ሲካፈሉ 1 ይቀራቸዋል። ያዝነው፦

1234567890 = 35133² + 480² + 99²

በካልኩሌተር ደምረው ይዩት፤ 1234327689፣ 230400 እና 9801።

ሁለተኛ ቁጥር ከመጣ

አንዳንድ ጊዜ የሚፈለገው ቁጥሩን መፍታት ሳይሆን ከሌላ ቁጥር ጋር ያለውን ትልቁን የጋራ አካፋይ ማወቅ ነው። ለዚህ እስካሁን ከሠራነው አንዱም አያስፈልግም። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የዩክሊድ ዘዴ ሳይፈታ ያገኘዋል፤ ትልቁን በትንሹ ማካፈል፣ ከዚያ ትንሹን በቀሪው፣ ዜሮ እስኪቀር ድረስ። ከ987654321 ጋር እንሞክረው፦

1234567890 − 987654321 = 246913569
987654321 − 4 × 246913569 = 45
246913569 በ45 ሲካፈል ቀሪው 9
45 በ9 ሲካፈል ቀሪው 0

የጋራ አካፋያቸው 9 ነው። ከዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ወደ 45 በሁለት እርምጃ ወረድን።

ለልምምድ የዚህኑ ቁጥር አኃዞች ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲደረደሩ የሚሰጡትን 9876543210ን ይውሰዱ። 2፣ 3² እና 5 እንደ ቀድሞው ይወጣሉ። ሦስተኛው ላይ 17 ይገባል፤ እዚያ ሲደርሱ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን አይሳሳቱ፣ 17ን አንዴ አውጥተው ወደ 19 አይለፉ፣ እንደገና ይሞክሩት። ሁለት ጊዜ ይገባል፤ የሚተርፈው 379721 ነው። ይህ ግን አምስተኛው ደረጃ ላይ በካሬ ዘዴ ቢያሳድዱት አይያዝም፣ ምክንያቱም ብቸኛ ቁጥር ነው። ማረጋገጫው እስከ 613 ድረስ በትዕግሥት ማካፈል ነው።